«ሐሰት ነው» ለማለት እውነቱን ማወቅ ግድ ነውን?

አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ የምትሉት ነገር ሐሰት ነው» ቢል፣ ከሰሚዎቹ ቶሎ የሚሰነዘርበት ጥያቄ አንድ ነው፤ «እሺ፣ ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?» ሰውየው «እውነቱንስ አላውቅም» ብሎ ከመለሰ ነገሩ አበቃ። ሳቅ ይከተላል፤ «ካላወቅህ ምን አስለፈለፈህ» ይባላል፤ የቀድሞውም ወሬ አሸናፊ ሆኖ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኛ ስደተኞች ይህን ክርክር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በውሃ ወረፋ ላይ፣ በራሽን ቀን፣ ማታ ማታ በሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሳይሰለች ይደጋገማል። «ስም ዝርዝር መጥቷል»፣ «ካምፑ ሊዘጋ ነው»፣ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ዱቄቱ በግማሽ ይቀነሳል»። ይህን የሚናገረው ሰው ከማን እንደሰማው እንኳ አይጠየቅም። የሚጠራጠረው ግን ሙሉ መልስ ይዞ እንዲቀርብ ይገደዳል።

ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነው? እኔ በበኩሌ አይደለም ባይ ነኝ። ማስረጃዬን ግን ከፖለቲካም ከሃይማኖትም አላመጣም፤ በእነዚያ ላይ ገና ከመጀመሪያው መስመር እንለያያለን። የማመጣው ወገን ከሌለው ከቁጥር ነው፤ በተለይም ከአንድ ትልቅ ቁጥር ታሪክ። ሒሳብ የሚያስጨንቀው አንባቢ አይሽሽ፤ ከማባዛት፣ ከመቀነስና ከማካፈል የሚያልፍ ነገር የለበትም። ዓመታቱም ሌላ እስካልተባለ ድረስ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው። 15 ብርቱካን ለሦስት ልጆች አምስት አምስት ይደርሳቸዋል፤ ስለዚህ 15 ብቸኛ አይደለም። 13 ብርቱካን ግን አንድ አንድ ለ13 ልጆች ካላደልን ወይም ሁሉንም ለአንዱ ካልሰጠን በቀር እኩል አይከፈልም፤ ብቸኛ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ይህን ለማወቅ ልጅም አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ሲረዝም ነው።

ማረን መርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ አንድ ዝርዝር አወጣ። የዝርዝሩ ቁጥሮች አሠራር እንዲህ ነው፤ ሁለትን ደጋግመን እናባዛለን፣ ከውጤቱ ላይ አንድ እንቀንሳለን። ሦስት ሁለቶች ሲባዙ 8፣ አንድ ሲቀነስ 7። አምስት ሁለቶች 32፣ አንድ ሲቀነስ 31። ሰባት ሁለቶች 128፣ አንድ ሲቀነስ 127። ሦስቱም ብቸኞች ናቸው። አሥራ አንድ ሁለቶች ግን 2,048 ሆነው አንድ ሲቀነስ 2,047 ይሰጣሉ፤ እርሱም 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። መርሴን እስከ 257 ሁለቶች ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አለ። ከመካከላቸው 67 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘውን ከእንግዲህ «የ67ቱ ቁጥር» እለዋለሁ። ተጽፎ ሲታይ ይህ ነው፦ 147,573,952,589,676,412,927። ባለ 21 አኃዝ ነው።

መርሴን ይህን እንዴት እንዳወቀ አላሳየም። በዘመኑ የነበረ ሰው ሁሉንም ሊመረምር እንደማይችልም ግልጽ ነበር። ነገር ግን መርሴን ከአውሮፓ ሊቃውንት ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍ፣ የታፈረና የተከበረ ሰው ስለነበረ ዝርዝሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ካወቅን የተናገረውን መመርመር እንረሳለን። ዝርዝር ደግሞ በባሕርዩ የሚያሳምን ነገር ነው፤ ስሞች ወይም ቁጥሮች ተራ በተራ ተጽፈው ሲታዩ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ይመስላል። በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያየነውን ወረቀት ሁሉ የምናምነው ለዚህ ይመስለኛል።

በ1876 ኤድዋር ሉካ የሚባል ፈረንሳዊ የሁለተኛ ደረጃ መምህር «የ67ቱ ቁጥር ብቸኛ አይደለም» ብሎ አስታወቀ። ሉካ በ1842 በአሚየን የተወለደ፣ በ1870 በተነሣው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት በመድፈኛነት ያገለገለ ሰው ነው። ታዲያ «ብቸኛ ካልሆነ ማን ያካፍለዋል?» ቢባል መልስ አልነበረውም። አካፋዮቹን አላወቃቸውም፤ አንዱንም። እንግዲህ ይህ ሰው ሻይ ቤታችን መጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚባል አንባቢ ይገምት።

ነገር ግን ሉካ ትክክል ነበር፤ ደግሞም ገምቶ አልነበረም። አንድ ቁጥር ሊካፈል እንደሚችል አካፋዩን ሳያዩ ማወቅ እንዴት ይቻላል? ቀላሉን መንገድ በ1640 ያመለከተው ፒየር ደ ፌርማ የተባለ፣ በቱሉዝ የሕግ ሰው የነበረ ፈረንሳዊ ነው። ከሁለት የሚበልጥ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር አንድ የማይለወጥ ጠባይ አለው። ከቁጥሩ በአንድ ያነሱ ሁለቶችን አባዝተን ለቁጥሩ ብናካፍል ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው። 7ን እንውሰድ፤ ስድስት ሁለቶች ሲባዙ 64 ናቸው፣ 64 ለ7 ሲካፈል 9 ደርሶ 1 ይተርፋል። አሁን 15ን እንፈትን። አሥራ አራት ሁለቶች ሲባዙ 16,384 ይሆናሉ፤ ይህ ለ15 ሲካፈል 1,092 ደርሶ 4 ይተርፋል። አንድ መትረፍ ነበረበት፤ አራት ተረፈ። ስለዚህ 15 ብቸኛ አይደለም። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መካከል 3 የሚባልም 5 የሚባልም ስም አልተነሣም። ጥፋቱ ታውቋል፣ ጥፋተኞቹ ግን አልተያዙም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፈተናው በአንድ ወገን ብቻ ስለት ያለው ቢላዋ ነውና። 341 የሚባለውን ቁጥር በዚሁ መንገድ ብትፈትኑት ቀሪው 1 ይሆናል። አሥር ሁለቶች ሲባዙ 1,024 ናቸው፣ ይህም 341 ሦስት ጊዜ ሆኖ 1 ይተርፋል፤ ይህንኑ 34 ጊዜ ብንደጋግመው 340 ሁለቶች ሲሞሉ አሁንም ቀሪው 1 ነው። እንዲያም ሆኖ 341 ብቸኛ አይደለም፤ 11 በ31 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። እንግዲህ ፈተናውን የወደቀ በእርግጥ ሐሰተኛ ነው፤ ያለፈው ግን ገና እውነተኛ አልተባለም። አንድ ወሬ አንድ ማጣሪያ አልፎ ሲገኝ «ተረጋገጠ» እያልን የምንሮጥ ሰዎች 341ን በኪሳችን ይዘን ብንዞር መልካም ነበር።

የሉካ መንገድ ከዚህ ይሻላል። ከሁለቶች ብዜት አንድ እየተቀነሰ ለሚገኙ ቁጥሮች በሁለቱም ወገን ይቆርጣል፤ ወድቆ ያወግዛል፣ አልፎም ነጻ ያወጣል። ዛሬ በምንሠራበት መልክ አቃልሎ ያስተካከለው አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር ነው፣ በ1930። ከ4 እንጀምራለን። በራሱ አባዝተን 2 እንቀንሳለን። ውጤቱ ከምንፈትነው ቁጥር ከበለጠ ለቁጥሩ አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። ያንንም እንደገና በራሱ አባዝተን 2 እንቀንሳለን፤ እንዲህ እያልን ከሁለቶቹ ብዛት አንድ ያነሱ መስመሮች እስኪሞሉ እንቀጥላለን። የመጨረሻው መስመር ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። 31 የአምስት ሁለቶች ስለሆነ አራት መስመር ይበቃዋል፦ 4፣ 14፣ ቀጥሎ 194 ለ31 ተካፍሎ ቀሪው 8፣ በመጨረሻም 8 በ8 64 ሆኖ 2 ሲቀነስ 62፤ ይህም 31 ሁለት ጊዜ ስለሆነ ቀሪው ዜሮ። 2,047 ደግሞ አሥር መስመር ይፈልጋል፤ እነሆ፦ 4፣ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282፣ 1,736። መጨረሻው ዜሮ አይደለም። 23ንና 89ን ያላየ ሰው እንኳ ከዚህ በኋላ 2,047 ብቸኛ ነው ቢባል አይሰማም።

በዚህ መንገድ የ67ቱን ቁጥር ለመፈተን 66 መስመር ይበቃል። በአንጻሩ አካፋዩን እንፈልግ ብንል፣ የዚህ ቁጥር አካፋዮች ሁሉ የ134 ብዜት ላይ አንድ የተጨመረባቸው መሆናቸው ስለሚታወቅ ፍለጋው ያጥራል፤ ባጠረው መንገድም ቢሆን የመጀመሪያው አካፋይ የሚገኘው 1,445,580ኛው ላይ ነው። ሐሰትን የማወቅና እውነትን የማግኘት ድካም እንዲህ የተራራቀ ነው።

አካፋዮቹ እስኪገኙ 27 ዓመት አለፈ። በጥቅምት 1903 በኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ መምህር ተራው ደርሶ ወደ ሰሌዳው ወጣ። እንደሚተረከው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጠመኔ አንሥቶ በአንድ በኩል 67 ሁለቶችን አባዝቶ አንድ ቀነሰ። በሌላ በኩል 193,707,721 እና 761,838,257,287 ጽፎ ደረጃ በደረጃ አባዛቸው። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ቢባል «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ መለሰ ይባላል። የትረካው ዝርዝር በቅብብል ጥቂት ተውቦ ይሆናል፤ ብዜቱን ግን ወረቀት ያለው ሁሉ ዛሬም ሊያየው ይችላል።

ጭብጨባው ለኮል ይገባዋል። ነገር ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሳይጨበጨብለት የቀረው ሉካ ነው። ከ1876 እስከ 1903 ባሉት ዓመታት የ67ቱ ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ማመን የሚገባው ሰው ነበር? አልነበረም። «አካፋዩን አሳየኝና አምናለሁ» ማለት ብልህነት ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የመርሴንን ባዶ ቃል ከሉካ የስሌት መስመሮች ማስበለጥ ነው። የ257ቱ ቁጥር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ብቸኛ አለመሆኑ በ1920ዎቹ ታወቀ፤ የመጀመሪያው አካፋይ ግን እስኪገኝ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ መካከል ኖሮ የሞተ ሰው መርሴን እንደተሳሳተ በእርግጥ አውቆ፣ ትክክለኛውን መልስ ሳያይ አለፈ። ዕውቀቱ ጎዶሎ ነበር፤ ሐሰት ግን አልነበረበትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋትስ በራሱ ይጠራል፤ የመርሴን ዝርዝር ግን ሁለት መቶ ዓመት ቢያድርም አልጠራም ነበር። ያጠሩት ሰዎች ናቸው። ከሉካ በኋላ በ1883 የ61ዱ ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ መግባት ሲገባው መዘለሉን ያሳየው ኢቫን ፐርቩሺን የተባለ የሩሲያ ቄስ ነበር። 89ኙን በ1911፣ 107ቱን በ1914 ያስገባው ራልፍ ፓወርስ የአሜሪካ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቄሱም የባቡር ሠራተኛውም የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበራቸውም፤ ቁጥር ደግሞ የምስክር ወረቀት አይጠይቅም።

እንዲህ ስል ግን «አይደለም» ባይ ሁሉ ሉካ ነው ማለቴ አይደለም። በየሰፈሩ ሁሉንም ነገር «ውሸት ነው» እያለ የሚኖር ሰው አለ፤ ክትባቱም ውሸት፣ ትምህርቱም ውሸት፣ የጎረቤቱ ሐዘንም ውሸት። ይህ ሰው አንድ መስመር አላሰላም። የሉካ «አይደለም» የተለፋበት «አይደለም» ነው፤ ማንም ሰው ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ ሊደግመውና ስሕተት ካለበት ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከሚጠራጠር ሰው ልንጠይቀው የሚገባን እውነቱን ሳይሆን መንገዱን ይመስለኛል። «ዱቄቱ ይቀነሳል መባሉ ሐሰት ነው» ካለ፣ «ታዲያ ስንት ይሰጠናል?» ሳይሆን «እንዴት አወቅህ?» እንበለው። «ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አልወጣም አሉኝ» ካለ፣ ስለሚመጣው ወር ምንም ባያውቅም መስመሩን አሳይቷል። ያንኑ ጥያቄ ለወሬ አምጪውም እናቅርብለት። ምንጩ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቶናል።

ሉካ በዚያው በ1876 ከመርሴን ዝርዝር የ127ቱ ቁጥር በእርግጥ ብቸኛ መሆኑን አስታውቋል። ባለ 39 አኃዝ ነው፤ ጸሐፊያችን በእጅ መገልበጡ እንዳያስመርረው ይቅርታ እየጠየቅሁ እጽፈዋለሁ፦ 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727። ሉካ ይህን የመሰለውን ስሌት በካሬ ሰሌዳ ላይ ጠጠር እንደማዘዋወር ጨዋታ አድርጎ ገልጾታል፤ እኛ ገበጣ እንደምንለው ያለ፣ ጉድጓዱ ግን በእያንዳንዱ ጎን 127 የሆነ። ቁጥሩ እስከ 1951 ድረስ ለ75 ዓመት ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ።

ዛሬ ሥራውን ኮምፒውተር ይዞታል። በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ በወቅቱ ከታወቁት ሁሉ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አገኘ፤ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኝ፣ 41,024,320 አኃዝ ያለው። በሰከንድ አንድ አኃዝ የሚጽፍ ሰው ሳይተኛ ቢጽፈው ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህን ማንም በእርሳስ ሊደግመው አይችልም። ታዲያ ወደ መርሴን ዘመን ተመለስን፣ የሰው ቃል አምነን መኖር ጀመርን ማለት ነው? እኔ አይመስለኝም። ዱራንት የሠራበት፣ ከ1996 ጀምሮ በፈቃደኞች ኮምፒውተሮች እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን የሚፈልገው ማኅበር አንድ ጥሩ ልማድ አለው። ኮምፒውተር «ብቸኛ ነው» ብሎ ስለ ተናገረ ብቻ አይታወጅም። በሌላ ዓይነት መሣሪያ፣ በሌላ ሰው በተጻፈ ፕሮግራም እንደገና ተሰልቶ አንድ ዓይነት መልስ መገኘት አለበት። የመጀመሪያው ፍንጭ አየርላንድ ውስጥ ካለ መሣሪያ ነበር የመጣው፤ በማግስቱ ቴክሳስ ውስጥ ያለ ሌላ መሣሪያ አጸናው፤ ከዚያም ሌሎች ደጋገሙት። በየካምፑ የአንድ ሰው ወሬ በአሥር አፍ ሲደገም አሥር ምስክር ይመስለናል። ከአንድ ምንጭ የቀዱ አሥር እንስራዎች ግን የውሃውን ንጽሕና አይመሰክሩም።

«ይህ ሁሉ ለእንጀራ ምን ይጠቅማል?» ለሚለኝ አንድ ነገር ልበል። አንድ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅ ቀላል፣ አካፋዮቹን ማግኘት ግን እጅግ ከባድ መሆኑ፣ በ1977 በሦስት ሰዎች፣ በሪቨስት፣ በሻሚርና በአድልማን፣ የምሥጢር መቆለፊያ ሆነ። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ያባዛሉ፣ ብዜቱን ለዓለም ይገልጣሉ፣ አካፋዮቹን ይደብቃሉ። የሉካን ሃያ ሰባት ዓመት ቁልፍ አደረጉት ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከቁጥር ወደ ሰው ሊዛወር አይገባም፤ ይህን ሳልል ብተው የጻፍሁት ሁሉ ለክፉ ይውላል ብዬ እፈራለሁ። በቁጥር ፈተና አንድ የተሳሳተ ቀሪ ሁሉን ያፈርሳል። የሰው ታሪክ እንዲህ አይደለም። አንድ ስደተኛ በኢንተርቪው ላይ «ከአገሬ የወጣሁት ጥር 2011 ነው» ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር መናገሩ ነው፣ በአውሮፓ 2019 መሆኑ ነው። አስተርጓሚው 2011 ብሎ ይጽፈዋል። በሁለተኛው ኢንተርቪው ሌላ አስተርጓሚ 2019 ይላል። ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ስምንት ዓመት ተለያይቶ ሲያይ «ታሪኩ እርስ በርሱ ይጋጫል» ብሎ ይጽፋል፤ ሰውየው ግን ሁለት ጊዜም እውነቱን ተናግሯል። ያ ውሳኔ የሉካን «አይደለም» ይመስላል፤ አይደለም ግን። ፈተናው ለሚፈተነው ነገር አልተሠራም፣ በሌላ መንገድም አልተደገመም። ሉካ ቀሪውን ከማየቱ በፊት ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚፈትን ያውቅ ነበር። እናትም የቀበረችበትን ቀን የምታስታውሰው በዕለቱ ታቦት ነው እንጂ በፋይል ቁጥር አይደለም። ከሰው ፊት የተቀመጠ መርማሪ «አይደለም» ከማለቱ በፊት የሚለፋው ልፋት ከሉካ 66 መስመር ማነስ የለበትም፤ እንዲያውም ይበልጣል፣ ቁጥር ብቸኛ አይደለም ቢባል አይራብምና።

የሚፈትን ሰው እንዲኖር ለአንባቢያን አንድ ቁጥር ትቻለሁ፤ 8,191። አሥራ ሦስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። መርሴን ብቸኛ ነው ብሏል፤ የእርሱን ቃል ተውትና በሉካ መንገድ 12 መስመር አስሉ። ትምህርት ቤቱ ከሰዓት በኋላ ባዶ ስለሚሆን ሰሌዳ አይጠፋም፤ ጠመኔ ለሌለው ከሰልም ይሠራል። በስምንተኛው መስመር ላይ 36 ካገኛችሁ እስከዚያ አልተሳሳታችሁም፤ አራት መስመር ይቀራችኋል።